ከመውጫው በፊት መውረጃው

የሞዴል ሮኬት ሞተር ሲያዩት ለዓይን አይሞላም። በብዛት የሚሸጠው ዓይነት 70 ሚሊ ሜትር የሚረዝምና 18 ሚሊ ሜትር የሚሰፋ ወፍራም የካርቶን ቱቦ ነው፤ ክብደቱም 20 ግራም አካባቢ ነው። ጎኑ ላይ አንድ የላቲን ፊደልና ሁለት ቁጥሮች ታትመውበታል፤ ቢ6-4 ወይም ሲ6-5 እንደሚለው ዓይነት። አሜሪካ ውስጥ የዕደ ጥበብና የመጫወቻ ዕቃ የሚሸጡ መደብሮች እነዚህን ሞተሮች ጥቂት ጥቂቱን በአንድ እሽግ አድርገው መደርደሪያ ላይ ይሰቅሏቸዋል። ልጁን ይዞ የመጣ ወላጅ እዚያ ቆሞ የሚጠይቀው ጥያቄ የታወቀ ነው፤ «የትኛው ነው በጣም ከፍ የሚለው?»

መጠየቁ አይገርምም። የዚህን ጥያቄ መልስ ተከትለው የተገዙ ሞተሮች ግን ስንቱን ሮኬት ዛፍ ላይ እንደሰቀሉት፣ ስንቱን ልጅ እንዳስለቀሱ በሜዳው የዋለ ያውቀዋል። ሮኬት በማስወንጨፍ ብዙ የቆዩ ሰዎች ምርጫውን የሚጀምሩት ከሌላኛው ጫፍ ነው። በቅድሚያ ሮኬቱ የት እንደሚያርፍ ያያሉ። ቀጥሎ በምን ፍጥነት ቢወርድ እንደማይሰበርና ነፋስ ይዞት እንደማይሄድ ያሰላሉ፤ ፓራሹቱ የሚመረጠው በዚህ ነው። ሞተሩ የሚመጣው ከሁሉም በኋላ ነው። ትክክለኛው ቅደም ተከተል ይህ ነው ብዬ አምናለሁ፤ ስሌቱም ይህንኑ ያሳያል።

ጥቅምት ላይ አንድ ቅዳሜ ጠዋት፣ ሰሜን ቨርጂኒያ ውስጥ፣ ሣሩ የታጨደ ሰፊ ሜዳ ዳር መኪኖች ተደርድረዋል። የሮኬት ክለቡ አባላት ማስወንጨፊያ ዘንጎቻቸውን እያቆሙ፣ የኤሌክትሪክ ሽቦ እየዘረጉ ነው። ከመካከላቸው አንድ ጡረታ የወጡ ኢትዮጵያዊ ሲቪል መሐንዲስ አሉ። ቀድሞ ከገዛ ልጆቻቸው ጋር ነበር የሚመጡት፤ ልጆቹ አድገው ከቤት ሲወጡ የጎረቤትና የወዳጅ ልጆች ተተኩ። የዕለቱ እንግዳቸው ከአባቷ ጋር የመጣች የ12 ዓመት ልጅ ናት። በአንድ እጇ ራሷ አጣብቃ የሠራችውን ቀይ ሮኬት አቅፋለች፤ አካሉ የካርቶን ቱቦ፣ ክንፎቹ ባልሳ እንጨት፣ አፍንጫው ፕላስቲክ ነው። በሌላው እጇ የኤ፣ የቢ እና የሲ ሞተር እሽጎች ይዛለች።

«ጋሼ፣ በሲ እንጀምር?» አለች።

እሳቸው የመኪናቸውን የኋላ ክዳን ከፍተው የወጥ ቤት ሚዛን አወጡ። «ነይ የኔ ልጅ፣ አስቀድመን እንመዝነው።» ሮኬቱ ከነፓራሹቱ 75 ግራም ሆነ። ሲ6-5 ሲጨመርበት ሚዛኑ 99 አለ። «አሁን ደግሞ ዞር በይና ሜዳውን እዪው። ነፋሱ ወደ የት ነው የሚነፍሰው?»

ልጅቷ ሣር ነጭታ ወደ ላይ በተነችው። ሣሩ ወደ ምሥራቅ፣ ወደ ዛፎቹ ሄደ።

«ከዘንጉ እስከ ዛፎቹ 150 ሜትር ቢሆን ነው» አሉ። «ሮኬትሽ ከዚያ ወዲህ ማረፍ አለበት። ሌላውን ሁሉ ከዚህ ተነሥተን ነው የምንወስነው።»

አባቷ ጠጋ ብለው የሞተሮቹን እሽግ አገላብጠው አዩ። «እነዚህ ቁጥሮች ምን ማለት ናቸው?»

ፊደሉ ሞተሩ ከተቀጣጠለበት እስከሚያበቃበት ድረስ የሚሰጠውን ጠቅላላ ግፊት ይናገራል፤ መለኪያው ኒውተን-ሰከንድ ነው። ኤ እስከ 2.5፣ ቢ እስከ 5፣ ሲ እስከ 10፣ ዲ እስከ 20 ይደርሳል። አንድ ፊደል በተራመዱ ቁጥር ጣሪያው እጥፍ ይሆናል። ጂ ላይ 160 ሲሞላ የሞዴል ሮኬት ዓለም ያበቃል፤ ከዚያ በላይ ያሉት ከፍተኛ ኃይል ተብለው የተመደቡ ስለሆኑ የሚሸጡት ዕድሜው 18 ለሞላና ተፈትኖ ማረጋገጫ ለያዘ ሰው ብቻ ነው።

ከፊደሉ ቀጥሎ ያለው ቁጥር ሞተሩ በአማካይ ስንት ኒውተን እንደሚገፋ ያሳያል። ተመሳሳይ ፊደል ያላቸው ሁለት ሞተሮች እዚህ ላይ ይለያያሉ፤ ሲ6 ግፊቱን አርዝሞ በቀስታ ሲሰጥ፣ ሲ11 ያንኑ ያህል ግፊት በአጭር ጊዜ አጣድፎ ይሰጣል። ለከባድ ሮኬት የሚያስፈልገው ሁለተኛው ነው። በሜዳው ላይ የሚሠራበት ደንብ የሞተሩ አማካይ ግፊት ከሮኬቱ ክብደት ቢያንስ አምስት እጥፍ ይሁን ይላል። 100 ግራም የሚመዝን ሮኬት ክብደቱ ወደ 1 ኒውተን ስለሆነ 5 ኒውተን ይበቃዋል ማለት ነው። ደንቡ ያለ ምክንያት አልወጣም። ክንፎቹ ሮኬቱን ቀጥ አድርገው መያዝ የሚችሉት አየር በላያቸው ላይ በበቂ ፍጥነት ሲያልፍ ነው፤ ከዚያ በፊት ሮኬቱን ቀጥ የሚያደርገው 90 ሴንቲ ሜትር የሚሆነው ዘንግ ብቻ ነው። ሮኬቱ ዘንጉን ሲለቅ በሰከንድ 13 ሜትር ገደማ ካልፈጠነ አፍንጫውን ወደ ነፋሱ አዙሮ አግድም መሄድ ይጀምራል።

ሦስተኛው፣ ከሰረዙ በኋላ ያለው ቁጥር፣ ገዢዎች ሳያዩት የሚያልፉት ነው። ለሮኬቱ ዕድሜ ግን ከሌሎቹ ሁለቱ ይበልጥ ይወስናል። ይህን ለመረዳት ሞተሩ ውስጥ ያለውን ከታች ወደ ላይ ማየት ይጠቅማል። ከታች ጠባብ ቀዳዳ ያለው ደረቅ ሸክላ አለ፤ ጋዙ ተጨንቆ የሚወጣው በዚያ ነው። ከሸክላው በላይ በኃይል ተጠቅጥቆ እንደ ድንጋይ የጠነከረ ጥቁር ባሩድ አለ። ባሩዱ ከታች በኩል ትንሽ ጎድጎድ ያለ ነው፤ ስለዚህ ሲቀጣጠል ብዙ ገጽ ባንድ ጊዜ ይነድዳል። የሲ6 ግፊት በመጀመሪያዎቹ የሰከንድ ክፍልፋዮች ወደ 14 ኒውተን የሚዘልለውና ወዲያው ወደ 5 ገደማ የሚወርደው በዚህ ምክንያት ነው፤ ከዘንጉ ለመላቀቅ የሚያስፈልገውም ያ የመጀመሪያ ግፊያ ነው። ባሩዱ ሁለት ሰከንድ እንኳ ሳይሞላ ያልቃል። ከሱ በላይ ምንም የማይገፋ፣ በቀስታ የሚነድድና ጭስ የሚያወጣ ንብርብር አለ። ሮኬቱ በያዘው ፍጥነት ብቻ ሽቅብ ሲሄድ ጭሱ ለዓይን መንገድ ያሳያል። ያ ንብርብር ነድዶ ሲያልቅ ከበላዩ ያለውን ጥቂት ልቅ ባሩድ ያቀጣጥላል፤ የዚህ ፍንዳታ ወደ ላይ፣ ወደ ሮኬቱ ሆድ ነው። አፍንጫውን አስፈንጥሮ ፓራሹቱን ያስወጣል። የመጨረሻው ቁጥር በግፊቱ ማብቂያና በዚህ ፍንዳታ መካከል የሚያልፉትን ሰከንዶች ይናገራል።

ፓራሹቱ መከፈት ያለበት ሮኬቱ የከፍታው ጫፍ ላይ ደርሶ ቆም በሚልበት ቅጽበት ነው። የአየር ግፊያ ከፍጥነቱ ካሬ ጋር ያድጋል። ሮኬቱ ከጫፉ አልፎ ለሁለት ሰከንድ ከወደቀ ፍጥነቱ በሰከንድ ወደ 19 ሜትር ይደርሳል፤ በዚያ ፍጥነት የሚከፈት ፓራሹት የሚደርስበት ኃይል በሰከንድ 4 ሜትር ሲወርድ ከሚሸከመው ከ20 እጥፍ በላይ ነው። ክሮቹ ይበጠሳሉ፤ ወይም ማሰሪያው የካርቶን ቱቦውን ከአፉ ጀምሮ እንደ ዚፕ ይሰነጥቀዋል። ሮኬቱ ገና ሽቅብ እየበረረ ቢከፈትም ጉዳቱ ያው ነው። እጅግ ከዘገየ ደግሞ ፓራሹቱ ሳይከፈት አፍንጫው መሬት ውስጥ ይሰካል።

ስለዚህ አንድ ዓይነት ሞተር በተለያየ የመዘግየት ጊዜ ይሸጣል፤ ሲ6-3፣ ሲ6-5፣ ሲ6-7። ከባዱ ሮኬት ፍጥነቱን ቶሎ ስለሚጨርስ አጭሩን ይፈልጋል፤ ቀላሉና ቀጭኑ ብዙ ስለሚንሸራተት ረጅሙን። አምራቹ ለእያንዳንዱ ሞተር ከነሞተሩ ሊሸከም የሚችለውን ከፍተኛ ክብደት ያትማል። ሲ6-5 እስከ 113 ግራም ሲፈቀድለት ሲ6-7 የሚፈቀድለት 71 ግራም ብቻ ነው፤ ነዳጃቸው አንድ ሆኖ ሳለ ልዩነቱን ያመጣው ያ የመጨረሻ ቁጥር ነው። ዜሮ የተጻፈበት ሞተር ፓራሹት አያስወጣም፤ የባለ ሁለት ደረጃ ሮኬትን የታችኛ ክፍል ለመግፋት የተሠራ ነው። አንድ ሰው ይህን ሳያውቅ ገዝቶ በተራ ሮኬት ውስጥ ቢያስገባው የሮኬቱ መጨረሻ ያ ነው።

ሞተሩ በካርቶንና በሸክላ፣ በፋብሪካ ብቻ የሚሠራ መሆኑ የራሱ ታሪክ አለው። በ1950ዎቹ አሜሪካ ውስጥ ወጣቶች በየጓሮው ኬሚካል እየደባለቁ የብረት ቧንቧ ውስጥ ይሞሉ ነበር፤ ጣትም ዓይንም ሕይወትም ጠፍቷል። በኒው ሜክሲኮው ዋይት ሳንድስ የሚሳኤል መሞከሪያ ይሠራ የነበረው መሐንዲስ ጂ. ሃሪ ስታይን በ1957 መጀመሪያ ላይ ስለዚህ አደጋ በአንድ ታዋቂ መጽሔት ጻፈ። ጽሑፉን ካነበቡት አንዱ በነብራስካዋ ኖርፎክ ከተማ የጫማ መደብር የነበረው ኦርቪል ካርላይል ነው። ካርላይል ርችት ይወድ ነበር። በ1954 ከወንድሙ ከሮበርት ጋር ሆኖ ከወረቀትና ከባልሳ እንጨት የተሠራ፣ በሚተካ ሞተር የሚወነጨፍና በፓራሹት የሚመለስ ትንሽ ሮኬት ሠርቶ ነበር። ናሙናውን ለስታይን ላከለት። ስታይን በዚያው በ1957 ዴንቨር ላይ የሞዴል ሮኬት ኩባንያ አቋቋመ። ጥቅምት ላይ ሶቪየቶች ስፑትኒክን ሲያመጥቁ ደግሞ የልጆቹ ፍላጎት በአንድ ጊዜ ገነፈለ። ሞተር በእጅ እየጠቀጠቁ ፍላጎቱን ማርካት አልተቻለም። ከርችት ሠሪ ቤተሰብ የተወለደው የዴንቨሩ ቨርነን ኢስቲስ በየአምስት ሰከንድ ተኩል አንድ ሞተር የሚያወጣ ማሽን ሠራ፤ ስሟንም ሜብል አላት። ፋብሪካው ኋላ ወደ ፔንሮዝ፣ ኮሎራዶ ተዛወረ፤ ዛሬ በየመደብሩ የሚታየው እሽግ ከዚያ ሥራ የቀጠለ ነው። የካርላይል ሁለተኛ ሮኬት በስሚዝሶኒያን የአየርና የጠፈር ሙዚየም ስብስብ ውስጥ ይገኛል።

በዚህ ታሪክ ውስጥ ለኔ ትልቁ ነገር ሞተሩና ፓራሹቱ ከመጀመሪያው ቀን ጀምረው የአንድ ሐሳብ ሁለት ክፍሎች መሆናቸው ነው። የሞተር ባሩድ መደባለቅን ለፋብሪካ የተወው ደንብ ዛሬም ጸንቶ አለ። ማንም ወላጅ ልጁ ባሩድ ሲሠራ ዝም ብሎ ማየት የለበትም፤ ጥቂት ዶላር የሚያወጣ ሞተር እያለ ምክንያትም የለውም።

ወደ ፓራሹቱ እንምጣ። ፓራሹት ሲከፈት ሮኬቱ በጥቂት ቅጽበት ውስጥ በአንድ ወጥ ፍጥነት መውረድ ይጀምራል፤ የአየሩ መቋቋም ከክብደቱ ጋር እኩል የሚሆንበት ፍጥነት ነው። የልጅቷ ሮኬት ነዳጁ ተቃጥሎ ካለቀ በኋላ 85 ግራም ያህል ይመዝናል። ጠፍጣፋ ፕላስቲክ ተቆርጦ የተሠራ 30 ሴንቲ ሜትር ፓራሹት ይህን ክብደት በሰከንድ 5.1 ሜትር ያወርደዋል። 38 ሴንቲ ሜትር ከሆነ 4 ሜትር፣ 45 ከሆነ 3.4 ሜትር፣ 60 ከሆነ 2.6 ሜትር። ስፋቱ ከዳር እስከ ዳር እጥፍ ሲሆን ፍጥነቱ በግማሽ ይቀንሳል። በሰከንድ 4 ሜትር መሬት መንካት ከጠረጴዛ ላይ ከመውደቅ ጋር አንድ ነው፤ ለካርቶንና ለባልሳ ሣር ላይ ምንም አይደለም። 5.1 ሜትር ደግሞ ከ1.3 ሜትር ከፍታ እንደመውደቅ ነው፤ ክንፎቹ በደንብ ከተጣበቁ ይችሉታል።

ታዲያ ትልቁን ፓራሹት ለምን አንወስድም? ነፋሱ ነው የሚከለክለን። በዚያ ቅዳሜ ነፋሱ በሰከንድ 4 ሜትር ያህል ይነፍስ ነበር። ይህ ሮኬት በሲ6-5 ሞተር ወደ 180 ሜትር ይወጣል። በ45 ሴንቲ ሜትር ፓራሹት ሲወርድ 53 ሰከንድ አየር ላይ ይቆያል፤ ነፋሱም ከ200 ሜትር በላይ ይወስደዋል። ይህ ከዛፎቹ ማዶ ነው። በ30 ሴንቲ ሜትሩ ቢወርድ 35 ሰከንድና 140 ሜትር፤ ዛፎቹ አፍ ላይ። በቢ6-4 ሞተር ግን ከፍታው 70 ሜትር አካባቢ ነው። በ30 ሴንቲ ሜትሩ ፓራሹት በ14 ሰከንድ ይወርዳል፤ የሚርቀውም 55 ሜትር ብቻ ነው።

«እንግዲያው ኤስ?» አለች ልጅቷ፤ ሒሳቡ ገብቷታል።

የኤ8-3 መልስ ትምህርት አለው። ሞተሩ በመጀመሪያ የሚሰጠው ግፊያ አያንሰውም፤ የአምስት እጥፉን ደንብ ያልፋል። ጠቅላላ ግፊቱ ግን ትንሽ ስለሆነ ይህን ሮኬት ከ25 ሜትር ብዙም አያሳልፈውም። ግፊቱ ካበቃ በኋላ ጫፍ ለመድረስ ሁለት ሰከንድ ይበቃዋል፤ ፓራሹቱ የሚወጣው ግን በሦስተኛው ሰከንድ ነው። ሮኬቱ በዚያች አንድ ሰከንድ ወደ ታች መውደቅ ይጀምራል፤ መሬቱም ቅርብ ነው። አምራቹ ለኤ8-3 ከ85 ግራም በላይ የማይፈቅደው ለዚህ ነው፤ የልጅቷ ሮኬት ከነሞተሩ 91 ይመዝናል። እናም ቢ6-4 ተመረጠ።

ፓራሹት አስተጣጠፍ ብዙ ሰው የሚቸኩልበት ሥራ ነው፤ እዚህ ግን ማንም አልቸኮለም። በመጀመሪያ እሳት የማይበላው ወረቀት አራት አምስት ቅጠል ላላ ተደርጎ ተጨማድዶ ወደ ቱቦው ገባ፤ ከሞተሩ የሚመጣው ትኩስ ጋዝ ፕላስቲኩን እንዳያቀልጠው የሚጠብቀው እሱ ነው። ልጅቷ ፓራሹቱን በመኪናው ክዳን ላይ ዘርግታ ክሮቹን አንድ በአንድ ለየች። የሕፃን ፓውደር ነሰነሱበት፤ ብርድ ሲሆን ፕላስቲኩ እርስ በርሱ እየተጣበቀ አልከፈት ይላል። መሃሉን በጣቷ ይዛ ወደ ታች ሳበችው፤ ሾጠጥ ሲል ለሁለት አጠፈችው፤ ከላይ ወደ ታች ጠቀለለችውና ክሮቹን ላላ አድርጋ አዞረችበት። ቱቦው ውስጥ ስትከተው በጣቷ መግፋት ጀመረች።

«ተይ፣ አትግፊው» አሉ። «በራሱ ክብደት ተንሸራቶ ካልገባ በራሱ አይወጣም። ፈትተሽ እንደገና ጠቅልዪው።»

እንደገና ጠቀለለችው፤ ገባ። አፍንጫውን ከደኑና ሮኬቱን በአፍንጫው ይዘው አነሡት፤ አልተላቀቀም። ትንሽ ሲነቀንቁት ተላቀቀ። ልኩ ይህ ነው። ሞተሩም ቢሆን ከኋላ በብረት መንጠቆ ጥርቅም ብሎ መያዝ አለበት፤ ካልተያዘ ፍንዳታው አፍንጫውን ትቶ ሞተሩን ወደ ኋላ ያስወጣውና ሮኬቱ ፓራሹቱን በሆዱ ይዞ ይወድቃል። ፓራሹት ከቤት አጣጥፎ መምጣትም አይመከርም፤ ተጠቅልሎ ያደረ ፕላስቲክ የታጠፈበትን ቅርጽ ይይዛል።

ከዘንጉ አምስት ሜትር ርቀው ቆሙ፤ የአሜሪካ ብሔራዊ የሮኬት ማኅበር ደንብ እስከ ዲ ላሉ ሞተሮች የሚጠይቀው ርቀት ነው። ልጅቷ ጮክ ብላ ከአምስት ወደ ታች ቆጠረችና ቁልፉን ተጫነች። ፉጨት የመሰለ ድምፅ ተሰማ፤ ሮኬቱን ዓይን አልተከተለውም። ነጭ ጭስ ብቻ ወደ ላይ ተሰመረ፤ ጫፉ ላይ ሮኬቱ ሊተኛ ሲል ጧ አለና ፓራሹቱ ተከፈተ። ያረፈው ከዘንጉ 50 ሜትር ያህል ርቆ፣ ሣሩ ላይ ነው። ሮጣ አምጥታ በማግስቱ ፈተና እንዳለባት ሰው ክንፎቹን፣ ቱቦውን፣ ማሰሪያውን አንድ በአንድ መረመረች። አንድም ጭረት አልነበረም። የሲው እሽግ በዚያ ቀን ሳይከፈት ተመለሰ፤ ነፋሱ አልበረደም ነበርና።

ነፋስ ሲበረታ ፓራሹትን መቀነስ አዲስ መግዛት አይጠይቅም። መሃሉ ላይ ክብ ቀዳዳ መቁረጥ ይቻላል፤ የፍጥነቱ ለውጥ ግን ሰው ከሚያስበው ያነሰ ነው፤ መወዛወዙን በማስቀረት ነው ይበልጥ የሚጠቅመው። ክሮቹን ወደ መሃላቸው ሰብስቦ በፕላስተር ማሰር የበለጠ ይሠራል፤ ፓራሹቱ ሙሉ በሙሉ እንዳይከፈት ያደርገዋል፤ ነገ ነፋስ ከሌለ ፕላስተሩ ይነሣል። ከ50 ግራም በታች ለሆኑ ትናንሽ ሮኬቶች ፓራሹቱን ትቶ ርዝመቱ ከወርዱ አሥር እጥፍ የሆነ ሪባን ማሰር ይበቃል። ለከፍተኛዎቹ ደግሞ ጆሊ ሎጂክ የሚባል ኩባንያ የሠራው ትንሽ መሣሪያ አለ፤ የወጣውን ፓራሹት በላስቲክ አስሮ ይዞት ይወርድና በተመረጠው ከፍታ ላይ ይለቅቀዋል። ሮኬቱ አብዛኛውን መንገድ በፍጥነት ወርዶ መጨረሻው ላይ ብቻ ይንሳፈፋል።

ከፍታ ቦታ ለሚኖሩ ሌላም ስሌት አለ። ብዙ ወገኖቻችን የሚኖሩባት ኦሮራና ጎረቤቷ ዴንቨር ከባሕር ጠለል 1,600 ሜትር ከፍ ይላሉ፤ እዚያ አየሩ ስለሚሳሳ ያው ፓራሹት ያንኑ ሮኬት 8 በመቶ ያህል ፈጥኖ ያወርደዋል። አዲስ አበባ ላይ ቢሆን ልዩነቱ ከ12 በመቶ አያንስም፤ ቨርጂኒያ ላይ 38 ሴንቲ ሜትር የበቃው ሮኬት እዚያ 43 ይፈልጋል። ይህን ያነበበ ሰው ለዘመድ ልጆች ሮኬት ይዞ ለመሄድ ቢያስብ አይፈረድበትም። ነገር ግን የሮኬት ሞተር በአሜሪካ የአቪዬሽን ደንብ በእጅ ሻንጣም፣ በሚጫን ሻንጣም መንገደኛ አውሮፕላን ላይ ፈጽሞ አይገባም። የካርቶን አካሉና ፓራሹቱ ምንም የለባቸውም፤ ሞተሩ ግን ፈንጂ ነገር ነው፤ አውሮፕላን ማረፊያ ላይ ይያዛል።

ሞተር ሲያድግ ሌላም ነገር ይለወጣል። ዲ ሞተር ስፋቱ 24 ሚሊ ሜትር ነው፤ ክብደቱም ከሲ እጥፍ ሊጠጋ ምንም አይቀረው። ያ ክብደት የሚቀመጠው ጭራው ላይ ስለሆነ የሮኬቱ ሚዛን ወደ ኋላ ይሄዳል። ሚዛኑ የአየሩ ኃይል ከሚያርፍበት ነጥብ ቢያንስ በአንድ የቱቦ ስፋት ወደ አፍንጫው ካልቀደመ ሮኬቱ አየር ላይ ይገለባበጣል። አፍንጫው ውስጥ ጥቂት ሸክላ መጨመር ያስተካክለዋል፤ ግን ክብደቱ ይጨምራል፤ ክብደቱ ሲጨምር የመዘግየት ቁጥሩም፣ የፓራሹቱ ስፋትም እንደገና ይታያሉ። ይህን ሁሉ በእጅ ማስላት ለሚከብደው፣ ሳምፖ ኒስካነን የተባለ ፊንላንዳዊ በ2009 ለማስተርስ ማሟያው የሠራው ኦፕንሮኬት የሚባል ፕሮግራም በነፃ ይገኛል። የሮኬቱን ልክና የሞተሩን ስም ሲያስገቡለት ከፍታውን፣ ፓራሹቱ ሲወጣ የሚኖረውን ፍጥነትና የመውረጃውን ጊዜ ይነግራል። ሞተር ከመግዛት በፊት አንድ ምሽት ከልጅ ጋር እሱ ላይ መቀመጥ ከሁሉም ይቀድማል።

ሞተርና ፓራሹትን አንድ ላይ መምረጥ ምን ያህል ረቂቅ ሥራ ሊሆን እንደሚችል ለማየት የሚፈልግ ሰው ግንቦት አካባቢ ግሬት ሜዶ ይሂድ። ግሬት ሜዶ ቨርጂኒያ ውስጥ ዘ ፕሌንስ በምትባል ትንሽ ከተማ አጠገብ፣ ከዋሽንግተን በስተ ምዕራብ በመኪና አንድ ሰዓት ያህል የሚያስኬድ ሰፊ መስክ ነው። ከ6ኛ እስከ 12ኛ ክፍል ያሉ ተማሪዎች የሚወዳደሩበት የአሜሪካ የሮኬት ውድድር ፍጻሜ በዚያ ይካሄዳል፤ የተጀመረው የራይት ወንድማማቾች በረራ መቶኛ ዓመት በተከበረበት በ2003 ነው። ከመላ አገሪቱ የተሻለ ውጤት ያስመዘገቡ 100 ቡድኖች ይጠራሉ።

ጭነቱ ጥሬ እንቁላል ነው። ሮኬቱ ከ650 ግራም፣ ሞተሩ ከ80 ኒውተን-ሰከንድ አይበልጥም፤ ማለትም ከኤፍ ደረጃ አይዘልም። በየዓመቱ አዲስ የከፍታ ዒላማ ይታወጃል፤ ብዙውን ጊዜ 800 ጫማ፣ ወደ 250 ሜትር፣ አካባቢ ነው። ሮኬቱ ከመነሣት እስከ ማረፍ የሚቆይበት ጊዜም ይወሰናል፤ ብዙውን ጊዜ ከ40 ጥቂት ከፍ ባሉ ሰከንዶች መካከል የሦስት ሰከንድ ክፍተት ነው የሚሰጠው። ከከፍታው አንድ ጫማ መሳት አንድ ነጥብ ያስቀጣል፤ ከጊዜው አንድ ሰከንድ መሳት አራት። እንቁላሉ ከተሰነጠቀ ሁሉም ነገር ውድቅ ነው።

እዚህ ከፍ ብሎ መሄድ ምንም አያተርፍም። ስምንት ሰከንድ ያህል ለመውጫ ሲሄድ ለመውረጃ 36 ሰከንድ ይቀራል፤ 250 ሜትርን በዚያ ጊዜ ለመውረድ ፍጥነቱ በሰከንድ 7 ሜትር መሆን አለበት። ነዳጁን የጨረሰ 580 ግራም ሮኬት ጠፍጣፋ ፓራሹቱ 58 ሴንቲ ሜትር ገደማ ቢሆን ይህን ያገኛል። በዚያ ፍጥነት መሬት መንካት ከ2.5 ሜትር እንደመውደቅ ስለሆነ እንቁላሉ በስፖንጅ ተከብቦ ይቀመጣል። ቡድኖቹ ከዚህ በኋላ ወራት የሚያጠፉት ጥቂት ሴንቲ ሜትርና ጥቂት ግራም በማስተካከል ነው። ሞተሩን አይነኩትም፤ ሙቀት ሲሆን፣ ብርድ ሲሆን፣ ነፋስ ሲኖር ሮኬቱ ስንት ጫማ እንደሳተ እየመዘገቡ የሚጨምሩትን ክብደትና የሚያጥፉትን ፓራሹት በሰንጠረዥ ያዘጋጃሉ። በፍጻሜው ቀን ለሁለተኛው ዙር ያለፉ ቡድኖች የተለወጠ ዒላማ ይሰጣቸዋል፤ ያን ጊዜ አዲስ ሞተር የሚፈልግ አያሸንፍም፤ ሰንጠረዡን ገልጦ ስንት ግራም መጨመርና የትኛውን ፓራሹት መቀየር እንዳለበት የሚያውቅ እንጂ።

ለቡድን ከ3 እስከ 10 ተማሪዎች ይበቃሉ። ምዝገባው መኸር ላይ ነው፤ ማጣሪያ በረራዎቹ የሚጠናቀቁት ጸደይ ላይ ነው። ልጃቸው ትምህርት ቤት ቡድን የሌለው ወላጆች ከሳይንስ መምህሩ ጋር መነጋገር ያለባቸው ትምህርት እንደተከፈተ፣ በመስከረም ነው።